የንብና የተርብ መርዝ አለርጂ ሕክምና በዓለም ዙሪያ፦ የት ይገኛል፣ ለምንስ ይታጣል?

በነፍሳት ንድፊያ ምክንያት ሕይወትን የሚያሰጋ የአለርጂ ቁጣ ለሚደርስባቸው ሰዎች የተገኘው ሕክምና ከአብዛኞቹ የአለርጂ ሕክምናዎች የሚለየው፣ ምልክቱን ከማስታገስ አልፎ ቁጣው ዳግም እንዳይነሣ የማድረግ ኃይሉ በጥንቃቄ በተካሄደ ጥናት ከተረጋገጠ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ ነው። የመርዝ ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ይህ ሕክምና አለርጂውን የሚቀሰቅሰውን የንብ ወይም የተርብ መርዝ ራሱን፣ እጅግ በትንሹ ጀምሮ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ከቆዳ ሥር በመርፌ መስጠት ሲሆን፣ ዓላማውም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መርዙን ለምዶ ከልክ ያለፈ ቁጣውን እንዲተው ማድረግ ነው። ጥሬ ዕቃው ንብ ባለበት አገር ሁሉ አለ። ሕክምናው ግን በመደበኛነት የሚሰጠው በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በጥቂት ሌሎች አገሮች ብቻ ነው፤ ንብ ማነብ የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ በሆነባቸው በአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮችና በደቡብ እስያ ሰፊ አካባቢ ከሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ ዳሰሳ የልዩነቱን ምክንያቶች ይመረምራል፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም የሚል አቋምም ይዟል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንድፊያ መዘዝ አንድ ዓይነት አይደለም። በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታየው የተነደፈው ቦታ ጥቂት ማበጥ፣ መቅላትና ማቃጠል ነው። በአንዳንዶች ላይ እብጠቱ ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ሰፍቶ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፤ ይህ ቢያስፈራም ብዙውን ጊዜ የማይገድል በመሆኑ ኢሚውኖቴራፒ በተለምዶ አይታዘዝለትም። የሚገድለው መላ አካልን የሚያዳርሰው ቁጣ ነው፤ ከንድፊያው ርቆ በሚገኝ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፣ ጉሮሮ ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል። ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ይህ ሁኔታ በደቂቃዎች ውስጥ ሊባባስ ይችላል። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች መላ አካልን የሚያዳርስ ቁጣ የደረሰባቸውን አዋቂዎች ከ0.3 እስከ 7.5 በመቶ ያደርሷቸዋል፤ በንብ አናቢዎች ዘንድ ግን መጠኑ ከ14 እስከ 43 በመቶ ይደርሳል። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት በብዙ ንድፊያ የሚመጣው መመረዝ ነው። በ2013 በቻይና ሻንሺ ግዛት ግዙፍ ተርቦች ባደረሱት ጥቃት 42 ሰዎች ሞተው ከ1,600 በላይ ሲጎዱ፣ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹን ለሆስፒታል ያበቃቸው በመርዙ ብዛት የመጣ የኩላሊትና የሌላ የሰውነት ክፍል ጉዳት ነበር። እንዲህ ላለው መመረዝ ኢሚውኖቴራፒ መልስ አይሆንም፤ የሞት መዛግብት ግን ሁለቱን ብዙ ጊዜ በአንድ መደብ ስለሚጽፏቸው የችግሩን ስፋት ለመለካት ያስቸግራሉ።

የአለርጂው አሠራር የታወቀው በረጅም ጊዜ ምርምር ነው። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሻርል ሪሼ ከፖል ፖርቲዬ ጋር ሆኖ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባደረገው ምርምር፣ መጀመሪያ የተሰጠ ጥቂት መርዝ ውሻን በመከላከል ፈንታ ለሁለተኛው ይበልጥ ተጋላጭ ሊያደርገው እንደሚችል ደረሰበት፤ አናፊላክሲስ የሚለውን ስያሜ ያወጣው እሱ ሲሆን በ1913ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በአሜሪካና በስዊድን በተናጠል የሠሩ ተመራማሪዎች ለዚህ ተጠያቂ የሆነውን አይ.ጂ.ኢ. የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ለዩ። ይህ ፕሮቲን በቆዳ፣ በመተንፈሻና በአንጀት ግድግዳ በብዛት በሚገኙ ማስት ሴል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ መርዙ ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ኃይለኛ ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ይለቃሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የመተንፈሻ ቱቦዎች ይጠባሉ። ይህን ጎርፍ በፍጥነት የሚገታው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን በአምፑል ርካሽ ሲሆን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል። ታማሚው ራሱ እንዲወጋው ተሞልቶ የሚሸጠው መርፌ ግን፣ በ2018 ይፋ በሆነ ግምገማ መሠረት፣ ይገኝ የነበረው ከዓለም አገሮች በሲሶው ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ እንኳ የታወቀው ምርት የሁለት መርፌ ዋጋ በ2007 ከነበረበት መቶ ዶላር ገደማ በ2016 ወደ ስድስት መቶ ዶላር አሻቅቦ ኩባንያውን በምክር ቤት ፊት እስከማስጠየቅ ደርሷል።

አድሬናሊን የተነሣውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ የሚቀጥለውን አያስቀርም፤ ኢሚውኖቴራፒ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሕክምናው ከማይክሮግራም (ከአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ) ክፍልፋይ ተነሥቶ እስከ 100 ማይክሮግራም ይደርሳል። አንዲት ንብ በአንድ ንድፊያ ከ50 እስከ 140 ማይክሮግራም መርዝ ስለምትለቅ፣ የንብ አለርጂ ታማሚ በመጨረሻ የሚሰጠው መጠን ከአንድ ንድፊያ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ብዙ ተርቦች ግን በአንድ ንድፊያ የሚለቁት ከሦስት ማይክሮግራም እምብዛም ስለማያልፍ ለእነሱ የሚሰጠው መጠን የብዙ ንድፊያ ያህል ነው። ከውጤቱ ልዩነት ከፊሉም ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ሕክምናውን ከጨረሱት መካከል ለንብ ከ77 እስከ 84 በመቶ፣ ለተርብ ደግሞ ከ91 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት ዳግም ሲነደፉ ከመላ አካል ቁጣ ይድናሉ። መጠኑን ለማሳደግ በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ አሠራር እንዳለ ሁሉ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ በጥቂት ቀናት አልፎም በሰዓታት የሚጠናቀቅ አለ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በየአራት ሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ እየተራራቀ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቀጥላል፤ ማስት ሴሎቻቸው ከመጠን በላይ የበዙባቸው፣ ማስቶሳይቶሲስ የተባለው በሽታ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን እንዲወስዱት ይመከራል። መርፌው ራሱ ቁጣ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ በተለይም በንብ መርዝ ሕክምና ይህ የተለመደ ስለሆነ፣ ታማሚው ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል አድሬናሊን ባለበት ክፍል ውስጥ እየታየ መቆየት አለበት። ሕክምናውን በየጤና ኬላው ማዳረስ የማይቻለውም ከመድኃኒቱ ይልቅ በዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ነው።

የሕክምናው ታሪክ ስለ ተደራሽነት ለሚነሣው ጥያቄ ብዙ ያስተምራል። ሌናርድ ኑን በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል በሣር የአበባ ዱቄት አለርጂ ላይ የመጀመሪያውን የኢሚውኖቴራፒ ሙከራ በ1911 ካሳወቀ በኋላ፣ ሐሳቡ በ1930 ገደማ ወደ ንብ አለርጂ ተሻገረ። የዘመኑ ሐኪሞች ግን የወሰዱት መርዙን ሳይሆን ነፍሳቱን በሙሉ ፈጭተው ያዘጋጁትን ጭማቂ ነበር፤ የአለርጂው መንሥኤ በመላ አካላቸው ውስጥ ይገኛል ብለው ያምኑ ነበርና። ይህ ጭማቂ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በሺህ ለሚቆጠሩ ታማሚዎች ተሰጠ፤ ብዙዎቹም ዳንን አሉ። አሜሪካዊቷ የኢሚውኖሎጂ ሐኪም ሜሪ ላቭለስ በ1950ዎቹ የመርዝ ከረጢቶችን በእጇ እየለየች በንጹሕ መርዝ ማከም ጀምራ በ1956 ብታሳውቅም የሰማት ጥቂት ነበር። ክርክሩ የተዘጋው በ1978 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው፤ ታማሚዎቹን በሦስት ከፍለው ለአንዱ ንጹሕ መርዝ፣ ለሌላው የነፍሳት ጭማቂ፣ ለሦስተኛው ምንም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ መርፌ (ፕላሴቦ) ከሰጡ በኋላ ሆን ብለው በነፍሳት አስነደፏቸው። በፕላሴቦ ከነበሩት 12 ሰዎች 7ቱ፣ በጭማቂው ከታከሙት 11 ሰዎች 7ቱ መላ አካላቸው ሲቆጣ፣ መርዙን ከወሰዱት 18 ሰዎች ግን አንዱ ብቻ ተቆጣ። ጭማቂው ከባዶ መርፌ የማይሻል ሆኖ ተገኘ። የረጅም ዘመን ዝናውም የመጣው ከተፈጥሮ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሰው ሁሉ በሚቀጥለው ንድፊያ አይቆጣምና፣ በራሱ ያለፈው አደጋ የመድኃኒቱ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ለተስፋፋው እሳት ጉንዳን የሚሰጠው ጭማቂ ልዩ ነው፤ መርዙን ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ቢሆንም በጭማቂው ውስጥ በቂ መርዝ ስለሚኖር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህ የሚወሰደው ፍሬ ነገር በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ መድኃኒት አለመሆኑ ነው፤ ዛሬም ንቦችን በሕይወት እያሉ በታማሚ ቆዳ ላይ በማስነደፍ እናድናለን የሚሉ ቤቶች በየአገሩ መኖራቸው፣ በስፔንም አንዲት ሴት በዚሁ ልማድ ሞታ ጉዳዩ በ2018 በሕክምና መጽሔት መዘገቡ የድሮው ስሕተት መልኩን ለውጦ መኖሩን ያሳያል። መጠኑ ያልተለካ፣ አድሬናሊን ያልተዘጋጀለትና ለማን እንደሚሰጥ ያልተመረመረ ንድፊያ ከመርዝ ኢሚውኖቴራፒ ጋር የሚያገናኘው የመርዙ ስም ብቻ ነው።

የምርቱ ጠባብነት ከአሠራሩ ይጀምራል። የንብ መርዝ የሚሰበሰበው በቀፎው አፍ ላይ በተዘረጋ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦና መስታወት ነው፤ ንቦቹ ሲነዝራቸው መስታወቱን ይነድፋሉ፣ የደረቀው መርዝም ተፍቆ ይነሣል። የተርብ መርዝ ግን ጎጆአቸው ተሰብስቦ ከቀዘቀዘ በኋላ የእያንዳንዷ ተርብ የመርዝ ከረጢት በሰው እጅ ወጥቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ለጥቂት ግራም መርዝ ብዙ ሺህ ተርቦችና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። ይህን ሥራ በመድኃኒት ጥራት ደረጃ የሚሠሩ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ ገበያ ለብዙ ዓመታት በሁለት አምራቾች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ የዴንማርኩ ኤ.ኤል.ኬ. በ2016 መገባደጃ በማምረቻው ባጋጠመው ችግር አቅርቦቱን አቋርጦ በ2018 ከአሜሪካ የመርዝ ገበያ ለዘለቄታው መውጣቱን ሲያስታውቅ፣ የቀረው በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ የሚገኘውና ባለቤትነቱ የሕንድ የሆነው ጁቢላንት ሆሊስተርስቲየር ብቻ ሆነ። የሙያ ማኅበራትም ያለውን መርዝ ለማብቃቃት፣ መርፌው እስከ 12 ሳምንት እንዲራራቅ፣ ለአንዳንድ ታማሚዎች የማቆያው መጠን ወደ 50 ማይክሮግራም እንዲቀነስ፣ ሦስት ወይም አምስት ዓመት የጨረሱም እንዲያቆሙ ምክር ሰጡ። በሀብቷ ዓለምን የምትመራው አገር ቁጠባን የተማረችው በእጥረት ተገዳ መሆኑ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ያ ምክር ለድሆች አገሮች የሚጠቅም ዕውቀት ሳይታሰብ ማስገኘቱ አይካድም። እዚህ ላይ በዓለም ገበያ የንብ መርዝ ለፊት ቅባትና ለውበት ምርት በብዛት መሸጡ መጠቀስ አለበት፤ ስለዚህ ያነሰው የንብ መርዝ ራሱ ሳይሆን መርዙን ወደ ተመዘነ መድኃኒት የሚለውጠው ሥራና ያንን ሥራ የሚያተርፍ ገበያ ነው።

ገበያው ለምን ጠበበ የሚለው ጥያቄ ወደ ሒሳብ ይወስዳል። የብሪታንያ መንግሥት የመድኃኒቶችን ጥቅምና ወጪ የሚያስመዝንበት ናይስ የተባለው ተቋም በ2012 ስለ ንብና ተርብ መርዝ ሕክምና የሰጠው ግምገማ በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ሁሉ አስተማሪው ነው። በጥሩ ጤንነት የሚኖር አንድ ተጨማሪ ዓመት በስንት ገንዘብ ይገዛል በሚለው መለኪያ ሲሰላ፣ ከንድፊያ የሚመጣ ሞት በብሪታንያ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሞትን ብቻ በሚያይ ሒሳብ የአንዱ ዓመት ዋጋ ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ተቋሙ በዚያን ጊዜ በተለምዶ ይቀበል የነበረው ከ20 እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ነበር። ነገር ግን በዓመት አምስት ጊዜ የሚነደፍ ሰው ሲታሰብ ሕክምናው ወጪ የሚቆጥብ ሆነ፤ እንደገና እነደፋለሁ እያለ በሥጋት የሚኖር ሰው የኑሮ መጎሳቆል ሲጨመርም ዋጋው ተቋሙ ይቀበለው ከነበረው ወሰን ውስጥ ገባ። ሥጋቱ ተራ ነገር አለመሆኑን በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የተደረገ ጥናት ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር፤ በዕጣ ተከፍለው ኢሚውኖቴራፒ የጀመሩት ሰዎች የኑሮ ጥራታቸው ሲሻሻል፣ የአድሬናሊን መርፌ ብቻ ይዘው እንዲሄዱ የተደረጉት ግን የባሰ ተጨንቀው ተገኙ። ናይስም ሕክምናውን ከባድ ቁጣ ለደረሰባቸው፣ እንዲሁም መካከለኛ ቁጣ ደርሶባቸው ዳግም የመነደፍ ዕድላቸው ከፍ ላለ ወይም በሥጋት ለሚኖሩ ሰዎች ፈቀደ። የዚህ ሒሳብ ሙሉ ትርጉም የሚታየው ከብሪታንያ ውጭ ነው፦ ዋጋውን የሚወስነው የመነደፍ ዕድል ከሆነ፣ ሕክምናው እጅግ አዋጭ የሚሆነው የከተማ ነዋሪ በበዛበት አገር ሳይሆን አናቢና ገበሬ በበዛበት አገር ነው። የዓለም ሥርጭቱ ግን በተቃራኒው ሆኗል።

ሀብትም ቢሆን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ጃፓን ትመሰክራለች። ተርቦችና ንቦች በየዓመቱ ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ሰዎችን በሚገድሉባት፣ የደን ሠራተኞችም ዋነኛ ተጠቂዎች በሆኑባት በዚያች አገር፣ ራስን የመውጊያው አድሬናሊን በ2011 የጤና መድን ሽፋን ሲያገኝ የመርዝ ኢሚውኖቴራፒ ግን ከመድኑ ውጭ ቆይቶ በጥቂት ተቋማት ብቻ ይሰጥ ነበር። በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ነፍሳት ከታወቁት የገበያ መርዞች ውጭ ሲሆኑ ገንዘብ ያለው ሕዝብም መድኃኒት ያጣል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ በብዛት የሚነድፈው አፒስ ዶርሳታ የተባለው ትልቁ የገደል ንብ ከአውሮፓው ንብ የተለየ ዝርያ ነው፤ በኮሪያ የሚገኘው የእስያ መርፌ ጉንዳንም ገበያ ላይ የሚገኝ የራሱ የሕክምና መርዝ የለውም።

ይህን ዓይነቱን ክፍተት በራሷ ዐቅም የደፈነች አንዲት ደሴት ታዝማኒያ ናት። በዚህች የአውስትራሊያ ግዛት ዘላይ ጉንዳን የሚባል ዝርያ ከሕዝቡ ሦስት በመቶ ገደማ በሚሆነው ላይ መላ አካልን የሚያዳርስ አለርጂ ያስነሣል፤ ሰውም ገድሏል። ጉንዳኑ የሚኖረው በአውስትራሊያ ብቻ በመሆኑ የትኛውም ዓለም አቀፍ ኩባንያ ለእርሱ መድኃኒት አልሠራም፤ ይሠራል ተብሎም አይጠበቅም። የሮያል ሆባርት ሆስፒታል ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ታዲያ ጉንዳኑን ከጫካ ሰብስበው፣ የመርዝ ከረጢቱን ለይተው፣ መርዙን መዝነውና አደራጅተው በራሳቸው መድኃኒት ቤት አዘጋጁት። በ2003 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው በቁጥጥር በተደረገ ንድፊያ ወቅት ፕላሴቦ ከወሰዱት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሲቆጡ፣ በመርዙ ከታከሙት ግን ማንም በዚያ መለኪያ አልተቆጣም። ከዚያም የግዛቱ መንግሥት ወጪውን ሸፍኖ መደበኛ አገልግሎት ሆነ፤ ወደ ሌሎች የአውስትራሊያ ግዛቶችም ተሻገረ። እዚህ ላይ የታየው የመድኃኒት ፋብሪካ አለመኖሩ ሕክምናውን እንዳላገደ ነው፤ ለማገድ የሚበቃው የሆስፒታል ፋርማሲ፣ የአለርጂ ሐኪምና የመንግሥት በጀት በአንድ ቦታ አለመገናኘታቸው ነው።

ከታዝማኒያ ጋር የሚነጻጸረውና ያልተመለሰው ጉዳይ በባሕረ ሰላጤው ይገኛል። ሳምሱም የተባለው ጥቁር ጉንዳን፣ ሳይንሳዊ ስሙን ከሱዳኗ ሰናር ያገኘው፣ መነሻው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ሲሆን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውሃ በሚጠጡ የአትክልት ቦታዎችና በቤት ግቢዎች እርጥብ አፈር ውስጥ ተስፋፍቶ ለሞት የሚያደርስ አናፊላክሲስ ሲያስከትል በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለእርሱም በገበያ የሚሸጥ የሕክምና መርዝ የለም። የግቢ ሥራ፣ የአትክልት ማጠጣትና የቤት ጽዳት በአብዛኛው የስደተኛ ሠራተኞች ድርሻ በመሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሥራ ላይ ስለሚገኙ፣ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። መድኃኒቱ ነገ ቢዘጋጅ እንኳ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚወስድ ሕክምና፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ለሚቆይ የሥራ ውል በታሰረና መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ባለ ሠራተኛ ዘንድ እንዴት ይፈጸማል የሚለው ለሕክምና ሳይንስ ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም።

ኢትዮጵያ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ማር በማምረት በአፍሪካ ግንባር ቀደም የሆነችው አገር፣ ከከፋና ከሸካ ደኖች በዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ እስከ ደጋው የጓሮ ቀፎ ድረስ ንብ ከቤተሰብ ጋር የሚኖርባት ናት። የአናቢው ተጋላጭነት ግን በቀላሉ የሚተነተን አይደለም። በፈረንሳይ አናቢዎች ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓመት ከ25 ጊዜ በታች ከሚነደፉት ግማሽ የሚጠጉት መላ አካላቸው ተቆጥቶ የሚያውቅ ሲሆን፣ ከ200 ጊዜ በላይ ከሚነደፉት ግን አንድም አልተገኘም፤ መደጋገሙ ራሱ እንደ ኢሚውኖቴራፒ አለማምዷቸው ነበር። ስለዚህ አደጋው የሚከብደው ዓመቱን ሙሉ ከቀፎ በማይለየው ነባር አናቢ ላይ ሳይሆን፣ ማር ሲቆረጥ ብቻ በሚቀርበው፣ በተለይም ከክረምት በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ወይም በግንቦትና በሰኔ ተጠርቶ በሚያግዘው ጎረቤት፣ በጓሮ በሚጫወቱ ልጆችና አዲስ ፍሬም ቀፎ ተሰጥቷቸው ሥራውን በጀመሩ ወጣቶች ላይ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ወጣቶችንና ሴቶችን ወደ ማር ምርት የሚያስገቡ ፕሮጀክቶች መከላከያ ልብስ፣ ማጨሻና ቀፎ ሲያከፋፍሉ አድሬናሊንን ከዕቃው ዝርዝር ውስጥ አለማሰባቸው እንደ ቸልተኝነት ሊቆጠር ይገባዋል። በዛፍ ላይ ሆኖ የሚነደፍ ሰው ደግሞ የደም ግፊቱ ሲወርድ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ሞቱም በመውደቅ ይመዘገባል እንጂ በአለርጂ አይመዘገብም።

አንድ ነገር ለኢትዮጵያ ይመቻታል። ንቦቿ በጠባያቸው ቁጡ ቢሆኑም ከአውሮፓው ንብ ጋር የአንድ ዝርያ ንዑሳን ናቸው፤ በብራዚል አምልጠው በአሜሪካ አህጉሮች በሰፊው በተዛመቱት አፍሪካዊ ደም ባላቸው ንቦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም መርዛቸው ከአውሮፓው ጋር እጅግ የሚመሳሰል መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ እንደ ሳምሱም ጉንዳን አዲስ መድኃኒት መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ማስመዝገብና ማስገባት ይበቃል። መርዙ በበረዶ ደርቆ በዱቄት መልክ ስለሚመጣ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ በሚይዝ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ያንን የሚያሟላ ሰንሰለት ለክትባት ሲባል ለዓመታት ተዘርግቷል። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ የአለርጂ ስፔሻሊስት፣ በቆዳ ላይ በሚደረግ ምርመራ ታማሚውን የሚለይ ባለሙያ፣ ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚያቆይ ክፍል፣ የመጀመሪያውን ወር በሪፈራል ሆስፒታል አቅራቢያ የሚያቆይ የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ፣ እንዲሁም ጥቂት ታማሚ ላለበት መድኃኒት የመመዝገቢያ ወጪ የሚከፍል አስመጪ። የቆዳ ምርመራው በራሱ በሕክምናው መርዝ ስለሚሠራ ውድ የላቦራቶሪ ምርመራ የግድ አይደለም። በአሜሪካ እጥረት ጊዜ የተለመደው የ12 ሳምንት ርቀትና የሦስት ዓመት ገደብ ለአንድ ታማሚ የሚያስፈልገውን መርዝም ሆነ ጉዞ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በፈጣኑ አሠራር በሆስፒታል ተኝቶ በጥቂት ቀናት ማቆያ መጠን ላይ የደረሰ አናቢ ከዚያ በኋላ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ግን አድሬናሊን ከሚፈለግበት ጤና ጣቢያ ሳይጠፋ በሚገኝበት አገር ካልሆነ በጥድፊያ የሚጀመር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከመርዙ መጀመር ለታማሚው አደገኛ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የሚቆጠር ነገር መኖር አለበት። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዛግብት መሠረት ከ2011 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በንብና በተርብ ንድፊያ 788 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከአምስቱ አራት በላይ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው፤ ይህ ቁጥር አለርጂውንና መመረዙን ቢቀላቅልም ኩባንያም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊነጋገርበት የሚችል ቁጥር ነው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ለአለርጂና ለአናፊላክሲስ የራሱን ክፍል በመስጠቱ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ስም ይጻፉ የነበሩ ሞቶች በስማቸው የሚጻፉበት መንገድ ተከፍቷል። መንገዱ የሚሠራው ግን ሞቱ ወደ ጤና ተቋም ሲደርስና መዝጋቢው ንድፊያ ነበረ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ማር በሚቆረጥባቸው ወራት በከፋ፣ በጎጃም ወይም በወለጋ ባለ አንድ ሆስፒታል ለንድፊያ የተለየ መዝገብ ቢከፈትና በሽፍታ፣ በትንፋሽ ማጠርና ራስን በመሳት የመጡት ተለይተው ቢጻፉ፣ በሁለት ወይም በሦስት የማር ወቅቶች ውስጥ ሕክምናው ለስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚገመትበት መነሻ ይገኛል፤ የመድኃኒት ግዢ የሚያቅደው መሥሪያ ቤትም ሆነ የጤና መድኑ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።